ቤተሰብ የሚቃወመው ጋብቻ በሕንድ፦ ከሕጋዊ መንገዶች የትኛው ለማን ይሻላል?

በሕንድ አውራጃዎች በጋብቻ ሹም ቢሮ ደጃፍ ላይ የማስታወቂያ ሰሌዳ ይሰቀላል። በሰሌዳው ላይ የሚለጠፈው ወረቀት ሊጋቡ ያሰቡ ሁለት ሰዎችን ስም፣ ዕድሜ፣ ሥራና የመኖሪያ አድራሻ የያዘ ነው፤ ለ30 ቀንም ማንም አላፊ አግዳሚ ሊያነበው ይችላል። ቤተሰቦቻቸው መርቀው ለሚድሯቸው ሰዎች ይህ ወረቀት እንደማንኛውም የቢሮ ጉዳይ የሚታለፍ ነው። አባቷና ወንድሞቿ ለሚያሳድዷት ሴት ግን የት እንደምታድር የሚጠቁም ወረቀት ነው። ስለዚህ ቤተሰብ የተቃወማቸው ሕንዳውያን ተጋቢዎች አማራጮቻቸውን ሲያመዛዝኑ፣ የትኛው ሕግ ይፈቅድልናል ከሚለው ጥያቄ ቀድመው ሁለት ነገሮችን ሊጠይቁ ይገባል፤ ስንት ቀን በሰላም መቆየት እንችላለን፣ አድራሻችንንስ ማን ያየዋል?

የአማራጮቹ ሁሉ መሠረት አንድ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን እያስታወስን፣ የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2006 ላታ ሲንግ የተባለች፣ ቤተሰቧ ያልወደደውን ሰው ያገባች ሴት ባቀረበችው ጉዳይ የሰጠውን ፍርድ እንመልከት። ፍርድ ቤቱ ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው የወደደውን ማግባት እንደሚችል፣ ወላጆች ምርጫውን ካልወደዱም ማድረግ የሚችሉት ቢበዛ ከልጃቸው ጋር ያላቸውን ግንኙነት ማቋረጥ እንደሆነ፣ መዛት፣ ማስቸገርም ሆነ ጥቃት መፈጸም ግን እንደማይችሉ አስታውቋል። በማርች 2018 ደግሞ ሻክቲ ቫሂኒ የተባለው ድርጅት ባቀረበው አቤቱታ ላይ፣ ሁለት አዋቂዎች ለመጋባት ከተስማሙ የቤተሰብ፣ የማኅበረሰብ ወይም የጎሳ ፈቃድ እንደማያስፈልግ በግልጽ ወሰነ። በሰሜን ሕንድ ካፕ ፓንቻያት የሚባሉት የመንደር ሽማግሌዎች ሸንጎዎች ጋብቻን ለመከልከል ወይም ተጋቢዎችን ለመቅጣት የሚያሳልፉት ውሳኔም ሕገወጥ መሆኑን በዚያው ፍርድ ተናግሯል።

የጋብቻ ዕድሜ ለወንድ 21፣ ለሴት 18 ዓመት ነው። ሴቲቱ 18 ዓመት ካልሞላት ከዚህ ቀጥሎ ከሚነገሩት መንገዶች አንዱም አይሠራም፤ ልጆችን ከወሲብ ጥቃት ለመከላከል በ2012 የወጣው ሕግ የእርሷን ፈቃድ ከቁጥር ስለማያስገባው ወጣቱ ለከባድ ወንጀል ክስ ይጋለጣል። እዚህ ላይ የሚመከረው መጠበቅ ብቻ ነው።

ዕድሜን የሚያረጋግጠው ዋናው ሰነድ የልደት የምስክር ወረቀት ወይም የ10ኛ ክፍል ማጠናቀቂያ ሰርተፍኬት ሲሆን፣ ይህ ሰርተፍኬት አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው አባት በሚቆልፉት ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። ሰው ሁሉ በኪሱ የሚይዘው የአድሃር መታወቂያ የልደት ቀንን ለማረጋገጥ በቂ እንዳልሆነ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በኦክቶበር 2024 ስለተናገረ፣ ከቤት የምትወጣ ልጅ በአድሃር ብቻ መተማመን የለባትም። ሰርተፍኬቱ ከእጇ ካልገባ የፈተና ቦርዱን ምትክ መጠየቅ ወይም ዲጂሎከር ከተባለው የመንግሥት ዲጂታል የሰነድ ማኅደር ማውጣት ትችላለች፤ ይህ ግን ከቤት ከመውጣቷ በፊት ቢሠራ ይመረጣል።

የልዩ ጋብቻ ሕግ፦ ዘገምተኛው፣ ግን ጽኑው

በ1954 የወጣው የልዩ ጋብቻ ሕግ በሃይማኖትም ሆነ ካስት በሚባለው የትውልድ መደብ የተለያዩ ሰዎች፣ ማንም እምነቱን ሳይለውጥ፣ በመንግሥት ሹም ፊት እንዲጋቡ ያስችላል። ለአማርኛ አንባቢ በክብር መዝገብ ሹም ፊት ከሚፈጸም ጋብቻ ጋር ይቀራረባል። ሂንዱና ሙስሊም፣ ክርስቲያንና ሲክ ሳይቀየሩ የሚጋቡበት ዋነኛው በር ይህ ነው። ችግሩ ጊዜው ነው። ከሁለቱ አንዱ ማስታወቂያው ከሚገባበት ቀን በፊት በዚያ አውራጃ ቢያንስ ለ30 ቀን መኖር አለበት። ከዚያ በኋላ ማስታወቂያው ለሌላ 30 ቀን ይለጠፋል፤ በዚህ ጊዜ ማንኛውም ሰው መቃወሚያ ማቅረብ ይችላል። ስለዚህ ከትውልድ ቦታቸው ሸሽተው አዲስ ከተማ የገቡ ጥንዶች ከመጋባታቸው በፊት ቢያንስ 60 ቀን ያህል ይጠብቃሉ።

ብዙዎች ራቅ ወዳለ ከተማ ከሄድን ማስታወቂያውን ቤተሰብ አያየውም ብለው ያስባሉ። ይህ አደገኛ ስህተት ስለሆነ ጠበቅ አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ። ከተጋቢዎቹ የአንዱ ቋሚ መኖሪያ ሌላ አውራጃ ከሆነ፣ የጋብቻ ሹሙ የማስታወቂያውን ግልባጭ ወደዚያው ልኮ በቋሚ መኖሪያው አውራጃ ቢሮም እንዲለጠፍ ሕጉ ያዛል። በራጃስታን ተወልዳ ዴልሂ የምታገባ ልጅ ወረቀቷ በራጃስታንም ይለጠፋል ማለት ነው። አንዳንድ ቢሮዎች ከዚህ አልፈው ለወላጆች ቤት ደብዳቤ ይልኩ ነበር፤ የዴልሂ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2009 ይህን አሠራር ከልክሏል። የአላሃባድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደግሞ በጃንዋሪ 2021 ተጋቢዎቹ ራሳቸው ማስታወቂያው እንዲለጠፍ በጽሑፍ ካልጠየቁ ሹሙ መለጠፍ የለበትም ብሎ ወስኗል። ይህ ፍርድ የኡታር ፕራዴሽ ክፍለ ግዛት ቢሮዎችን የሚመለከት ሲሆን፣ በሌሎች ክፍለ ግዛቶች ሹሙ የሕጉን ፊደል ተከትሎ ሊለጥፍ ስለሚችል፣ ማስታወቂያ ከማስገባታቸው በፊት የአካባቢውን አሠራር በጠበቃ በኩል ማጣራት አለባቸው።

ቤተሰብ መቃወሚያ ቢያስገባስ? መቃወሚያ ሊቀርብ የሚችለው ሕጉ በዘረዘራቸው ምክንያቶች ብቻ ነው፤ ከሁለቱ አንዱ ትዳር ያለው መሆኑ፣ ዕድሜ አለመድረስ፣ ፈቃድ ለመስጠት የሚያበቃ አእምሮ አለመኖር ወይም የተከለከለ የሥጋ ዝምድና። ዘራችን አይመጥንም፣ ሃይማኖታችን አይፈቅድም፣ ሽማግሌ አልተላከልንም የሚል ተቃውሞ በሕግ ፊት ዋጋ የለውም። ሹሙ መቃወሚያውን በ30 ቀን ውስጥ መርምሮ መወሰን አለበት፤ ጋብቻውን ከከለከለ ተጋቢዎቹ በሌላ 30 ቀን ውስጥ ለአውራጃው ፍርድ ቤት ይግባኝ ይላሉ። በክፋት ለተቃወመ ሰው የተቀመጠው ኪሣራ ከ1,000 ሩፒ ስለማይበልጥ ማንንም አያስፈራም። ሆኖም ቤተሰብ ከመቃወሚያው የሚያተርፈው ጊዜ ነው፣ ለተሸሸጉ ጥንዶችም የሚያስፈራው የዚያ ጊዜ መርዘም ነው።

ጊዜው ካለፈ በኋላ ሥርዓቱ አጭር ነው። ሦስት ምስክሮች ባሉበት ተፈራርመው፣ አንዱ ሌላውን በሕግ ባል ወይም ሚስት አድርጎ መቀበሉን በቃል ከተናገረ በኋላ ሹሙ የምስክር ወረቀት ይሰጣቸዋል። ይህ የምስክር ወረቀት ስለ ጋብቻው መፈጸም የማያወላዳ ማስረጃ እንደሆነ ሕጉ ራሱ ስለሚናገር፣ ከኋላ ቄስ ነበረ አልነበረም የሚል ክርክር አይነሣበትም። ማስታወቂያው ከገባ በ3 ወር ውስጥ ካልተጋቡ ግን ሁሉም ነገር እንደገና ይጀመራል።

ሕጉ በሕንድ ውስጥ ለሚጋቡ ሰዎች የዜግነት ቅድመ ሁኔታ ስለማያስቀምጥ፣ በዚያ የሚማር ኢትዮጵያዊ ወይም ኢትዮጵያዊት ከሕንዳዊ ጋር የሚጋቡትም በዚሁ መንገድ ነው። ሹሞቹ በተግባር ያላገቡ መሆናቸውን የሚገልጽ ማስረጃ ከኤምባሲ ስለሚጠይቁ፣ የ30 ቀኑ ቆጠራ ከመጀመሩ በፊት ወረቀቱን መጨረስ ይበጃል።

በሃይማኖት ሥርዓት፦ ፈጣኑ፣ ግን ማስረጃ የሚፈልገው

ሁለቱም የአንድ ሃይማኖት ተከታዮች ከሆኑና ጠቡ በካስት ወይም በሀብት ልዩነት የመጣ ከሆነ፣ የ60 ቀኑን ጥበቃ መሸከም አያስፈልጋቸውም። በ1955 የወጣው የሂንዱ ጋብቻ ሕግ ሂንዱዎችን፣ ሲኮችን፣ ጃይኖችንና ቡድሂስቶችን የሚመለከት ሲሆን አስቀድሞ ማስታወቂያ መለጠፍን አይጠይቅም። የካስት ልዩነት በዚህ ሕግ ጋብቻን አያፈርስም። ብዙ ሸንጎዎች ደም የሚያፋስሱበት የአንድ ጎትራ፣ ማለትም ከአንድ ጥንታዊ አባት እንወርዳለን የሚሉ ሰዎች ጋብቻም ቢሆን በሕግ ክልክል መሆኑ በ1946 ቀርቷል። ክልከላው ያለው በቅርብ የሥጋ ዘመዶች ላይ ነው።

ፍጥነቱ ግን ዋጋ አለው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2024 በሰጠው ውሳኔ፣ የሂንዱ ጋብቻ የሚጸናው ሥርዓቱ በእርግጥ ሲፈጸም እንደሆነ፣ ሥርዓት ሳይፈጸም የተገኘ የምዝገባ ወረቀት ጋብቻን እንደማይፈጥር አስታውቋል። በብዙ ማኅበረሰቦች ዋናው ሥርዓት ሳፕታፓዲ ነው፤ ሙሽሮቹ በቅዱሱ እሳት ፊት ሰባት እርምጃ አብረው ይራመዳሉ፣ ሰባተኛው እርምጃ ሲረገጥ ጋብቻው ይጸናል። አሪያ ሳማጅ በሚባለው የሂንዱ ተሐድሶ እንቅስቃሴ ቤተ መቅደሶች ይህ ሁሉ በአንድ ከሰዓት ሊያልቅ ስለሚችል የሸሹ ጥንዶች ይመርጧቸዋል፤ በ1937 የወጣ ሕግም በአሪያ ሳማጅ አባላት መካከል የሚፈጸምን ጋብቻ ያጸናል። ይሁን እንጂ ፍርድ ቤቶች የቤተ መቅደሱን ወረቀት ብቻውን እንደ በቂ ማስረጃ እየተቀበሉ አይደለም። ስለዚህ የምመክረው ይህ ነው፦ ሥርዓቱ ሳይቸኮል ይፈጸም፤ እሳቱ፣ ሰባቱ እርምጃዎችና የምስክሮቹ ፊት በፎቶና በቪዲዮ ይቀረጹ፤ የካህኑና የምስክሮቹ ስምና ስልክ ይያዝ፤ ከዚያም ሳይውል ሳያድር በመንግሥት መዝገብ ይመዝገብ። ወረቀት እናወጣላችኋለን፣ ሥርዓት አያስፈልግም የሚል ደላላ ያገኘ ሰው ከዚያ ቢሮ ወዲያውኑ ይውጣ።

በታሚል ናዱ የተሻለ አማራጭ አለ። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በዚያ ክፍለ ግዛት የሚጸና ራስን የማክበር ጋብቻ የሚባል ሥርዓት አለ፤ ካህንም እሳትም አያስፈልገውም፣ ሁለቱ በወዳጅ ወይም በሌላ ሰው ፊት ባልና ሚስት መሆናቸውን በሚገባቸው ቋንቋ ተናግረው የአበባ ጉንጉን ወይም ቀለበት ይለዋወጣሉ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በኦገስት 2023 ይህ ጋብቻ በአደባባይ መታወጅ እንደማያስፈልገው፣ ለሕይወታቸው የሚሰጉ ጥንዶችን ማስገደድም አደጋ ላይ እንደሚጥላቸው ገልጿል። ለታሚል ናዱ ሂንዱ ጥንዶች ከሁሉ የተሻለው መንገድ ይህ ይመስለኛል።

ከተጋቢዎቹ አንዱ ዳሊት፣ ማለትም በካስት ሥርዓት ከታች ከተጣሉት ወገን ከሆነ፣ በሂንዱ ጋብቻ ሕግ መመዝገብ ሌላም ጥቅም ነበረው። በ2013 የተጀመረው በዶክተር አምቤድካር ስም የሚጠራው የመንግሥት ፕሮግራም፣ ለሁለቱም የመጀመሪያ ጋብቻ ከሆነና በአንድ ዓመት ውስጥ ካመለከቱ፣ 250,000 ሩፒ ድጋፍ ይሰጥ ነበር፤ ዛሬ ድጋፉ በምን መልክ እንደሚሰጥ ግን አስቀድሞ ማጣራት ያስፈልጋል። ቤት ለሚከራዩ ስደተኛ ጥንዶች ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም።

ሃይማኖት ለውጦ መጋባት

የሃይማኖት ልዩነት ያላቸው ጥንዶች የልዩ ጋብቻ ሕጉን ረጅም ጥበቃ ለማምለጥ አንዳቸው ሃይማኖት ለውጠው በፍጥነት ይጋቡ ነበር። ዛሬ በብዙ ክፍለ ግዛቶች ይህ ከድጡ ወደ ማጡ ነው። በኡታር ፕራዴሽ በ2021 የጸደቀው ሕግ፣ ሃይማኖት የሚለውጥ ሰው ቢያንስ ከ60 ቀን በፊት ለአውራጃው ዋና አስተዳዳሪ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል፤ ስለዚህ ይተርፋል የተባለው ጊዜ አይተርፍም። በተጨማሪም ሕገወጥ ለተባለ የሃይማኖት ለውጥ ሲባል ብቻ የተፈጸመ ጋብቻ ፈራሽ ነው፤ ወላጆችና ወንድሞች ለፖሊስ አቤት ማለት ይችላሉ፤ ለውጡ ሕጋዊ እንደነበረ የማስረዳት ሸክሙም በተከሳሹ ላይ ነው። በ2024 በተደረገው ማሻሻያ ቅጣቱ ከብዷል፣ አቤቱታ የማቅረብ መብቱም ለማንኛውም ሰው ተከፍቷል። ማድያ ፕራዴሽና ጉጃራትም ተመሳሳይ ሕግ አላቸው፤ የጉጃራት ከፍተኛ ፍርድ ቤት ግን በ2021 ያለ ማስገደድና ያለ ማታለል በተፈጸሙ ጋብቻዎች ላይ አንዳንድ አንቀጾች እንዳይሠሩ እግድ ሰጥቷል።

አንድ ሰው በእምነቱ ተለውጦ ከሆነ መብቱ ነው። በኬራላ እስልምናን ተቀብላ ያገባችውን ሃዲያን፣ የክፍለ ግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2017 ጋብቻዋን አፍርሶ ወደ አባቷ ቤት መልሷት ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2018 ያንን ፍርድ ሽሮ ጋብቻው እንዲጸና አድርጓል። ለጋብቻ ፍጥነት ተብሎ ብቻ የሚደረግ ለውጥን ግን እነዚህ ሕጎች ባሉባቸው ቦታዎች ለማንም አልመክርም።

ሳይጋቡ አብሮ መኖር

ወንዱ 18 አልፎት 21 ካልሞላው ወይም የ60 ቀኑ ጥበቃ ገና ካላለቀ፣ አብሮ መኖር መሸጋገሪያ ሊሆን ይችላል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2018 ከኬራላ በመጣ ጉዳይ፣ ወንዱ ለጋብቻ ዕድሜ ባይደርስም ሁለት አዋቂዎች አብረው የመኖር መብት እንዳላቸው ተናግሯል። በ2005 የወጣው የቤት ውስጥ ጥቃት መከላከያ ሕግም ጋብቻ መሰል ግንኙነት ላላት ሴት ከለላ ይሰጣል። ኡታራክሃንድ ግን የተለየ ነው። ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የክፍለ ግዛቱ ሕግ አብረው የሚኖሩ ሁሉ እንዲመዘገቡ ያስገድዳል፣ ከሁለቱ አንዱ ከ21 ዓመት በታች ከሆነም መዝጋቢው ለወላጆች ያሳውቃል። ከወላጅ ለሚሸሽ ሰው ያ ክፍለ ግዛት መጠለያ አይሆንም።

ለጥበቃ ፖሊስ ወይስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት?

ከላይ ከተነገሩት መንገዶች የትኛውም ቢመረጥ ጥበቃ ለብቻው ሊታሰብበት ይገባል፤ የጋብቻ ወረቀት ጥቃትን አይከላከልምና። በታሚል ናዱ ኡዱማልፔት ከተማ ዳሊት የሆነው ወጣት ሻንካር በማርች 2016 በአውቶቡስ መናኸሪያ አጠገብ በጠራራ ፀሐይ፣ በካሜራ እየታየ ሲገደልና ባለቤቱ ስትቆስል፣ ከተጋቡ 8 ወር አልፏቸው ነበር።

በሻክቲ ቫሂኒ አቤቱታ ላይ በተሰጠው የ2018ቱ ፍርድ መሠረት እያንዳንዱ አውራጃ 24 ሰዓት የሚሠራ የስልክ መስመር ያለው ልዩ ክፍል ሊኖረው፣ ክፍለ ግዛቶችም በአውራጃ ደረጃ አስተማማኝ መጠለያ ሊያዘጋጁ ይገባል። መጠለያው ያገቡትን ብቻ ሳይሆን ለመጋባት ያሰቡትንም ይቀበላል፤ በአነስተኛ ክፍያ ለአንድ ወር፣ እንደ ስጋቱ መጠንም እየታደሰ እስከ አንድ ዓመት። በሕግ ለመጋባት የሚችሉ ከሆነ ፖሊስ በጥበቃ ሥር ሆነው እንዲጋቡ ሊረዳቸው ይገባል። ስለዚህ የልዩ ጋብቻ ሕጉን 60 ቀን የት እናሳልፍ ለሚሉት መልሱ ይህ መጠለያ ነው። አሠራሩ ግን ከአውራጃ አውራጃ በጣም ይለያያል፤ ሃርያና በየአውራጃው ለጥንዶች የተለዩ መጠለያዎች ሲኖሯት፣ በሌሎች ቦታዎች ፍርዱ በወረቀት ላይ ቀርቷል።

በአቅራቢያ ወዳለ ጣቢያ ከመሄድ ይልቅ ለአውራጃው የፖሊስ አዛዥ በጽሑፍ ማመልከት ይሻላል፤ የሰፈሩ ፖሊስ አባትን የሚያውቅ፣ ምናልባትም የጎሳው ልጅ ሊሆን ይችላልና። ማመልከቻው በአደራ ደብዳቤና በኢሜይል ተልኮ ደረሰኙ ይያዝ። ምላሽ ካልተገኘ ቀጣዩ በር ከፍተኛ ፍርድ ቤቱ ነው፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 226 መሠረት ለሕይወታቸውና ለነጻነታቸው ጥበቃ ይጠይቃሉ። በቻንዲጋር የሚያስችለው የፑንጃብና ሃርያና ከፍተኛ ፍርድ ቤት እንዲህ ያሉ አቤቱታዎችን በብዛት ያያል። አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ትእዛዝ የፖሊስ አዛዡ ማመልከቻውን አይቶ እርምጃ እንዲወስድ የሚል አጭር ትእዛዝ ሲሆን፣ ስለ ጋብቻው መጽናት ምንም እንደማይወስን በውስጡ ይጻፋል። ስለዚህ ያንን ትእዛዝ እንደ ጋብቻ ማስረጃ መቁጠር አይገባም። የአላሃባድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደግሞ በ2025 ያለ ወላጅ ፈቃድ መጋባት ብቻውን፣ ተጨባጭ ስጋት ከሌለ፣ የፖሊስ ጥበቃ የመጠየቅ መብት አይሰጥም ብሏል። የዛቻ መልእክቶችን፣ የድምፅ ቅጂዎችንና የስልክ ጥሪ ዝርዝሮችን ሳያጠፉ ማስቀመጥ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ልጄ ተጠልፋለች የሚል አቤቱታ

ቤተሰብ በመጀመሪያ የሚያደርገው ብዙውን ጊዜ ወንዱን በጠለፋ መክሰስ ነው። ከአሳዳጊ የመጥለፍ ወንጀል የሚኖረው ሴቲቱ ከ18 ዓመት በታች ከሆነች ስለሆነ፣ አንዳንድ አባቶች የልጃቸውን ዕድሜ ቀንሰው ያመለክታሉ፤ ያ በቁም ሣጥን የተቆለፈ የ10ኛ ክፍል ሰርተፍኬት ዋጋው እዚህ ላይ ይታያል። የሴቲቱ ዋና መከላከያ በፈቃዷ መሄዷን በዳኛ ፊት የምትሰጠው ቃል ነው፤ ቃሉን ከሰጠች በኋላ ወዴት መሄድ እንደምትፈልግ የምትወስነው ራሷ ናት። ፖሊስ ቃል ለመቀበል ወደ ትውልድ ከተማሽ ካልመጣሽ ቢላት ግዴታ የለባትም። በ2021 ከካርናታካ በመጣ ጉዳይ ፖሊስ ባለትዳሯን እንዲህ ሲያስገድድ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ክሱን ሰርዞ መርማሪውን ወቅሷል። ወንዱም ከመያዙ በፊት ዋስትና ይጠይቅ፣ ቤተሰቡንም ያስጠንቅቅ፤ በላታ ሲንግ ጉዳይ የታሰሩት የባሏ እህቶችና ዘመዶች ነበሩ።

ውርስን በተመለከተ

በሕንድ ጋዜጦች ከልጄ ጋር ያለኝን ግንኙነት አቋርጫለሁ፣ ከንብረቴም አውጥቻታለሁ የሚል ማስታወቂያ ማየት የተለመደ ነው። አባት በራሱ ጥረት ያፈራውን ንብረት በኑዛዜ ለፈለገው ሊሰጥ ይችላል። ከአያት ቅድመ አያት በወረደው የሂንዱ ቤተሰብ የጋራ ንብረት ላይ ግን ሴት ልጅ ከ2005ቱ የውርስ ሕግ ማሻሻያ ወዲህ ከወንድሞቿ እኩል በትውልድ ባለድርሻ ስለሆነች፣ የጋዜጣ ማስታወቂያ ድርሻዋን አይነጥቃትም። በልዩ ጋብቻ ሕግ የሂንዱ እምነት የሌለው ሰው ያገባ ሂንዱ ከጋራ ቤተሰቡ እንደተለየ ይቆጠራል፣ ድርሻውን ግን ይዞ ይወጣል፤ ሁለቱም ሂንዱ ከሆኑ ይህ መለየት የለም።

ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ ወንድሞች ለእርቅ ሲመጡ ከጣፋጩና ከሳሪው ጋር የሚፈረም ወረቀት ይዘው የሚመጡበት ጊዜ አለ፤ በራጃስታን ሃክ ትያግ ይሉታል፣ ድርሻዬን በፈቃዴ ለወንድሞቼ ትቻለሁ የሚል ሰነድ ነው። እናቷን ለማየት ስትል እዚያው ቁጭ ብላ የምትፈርም ልጅ ብዙ ናት። እርቁን ትቀበል፣ ወረቀቱን ግን ጠበቃ ሳያየው አትፈርም።